ጭረት

በአራት ማርክ ገዛኋት፣ ላይፕዚግ፣ ከእሑድ ገበያ፣
ከዛገ ማንኪያ አጠገብ፣ ከሟች ካፖርት መስቀያ።
ሻጯ አሮጊት ሸክላዋን ወደ ብርሃን አዘንብላ፣
«ጭረት አለባት ልጄ፤ ኋላ እንዳትል ሌላ።»
እኔ ግን የማየው ሽፋኑ ላይ ያለችውን ሴት ነው፤
ዓይኗን ጨፍና፣ አገጯን ለማይክሮፎኑ ያዋሰችው።
ሮስቪታ ኬልም። ስሟን በወጉ መጥራት አልችልም ያኔ፤
«ሮዛ» እያልኩ ወሰድኳት፣ በትራም፣ ደብቄ ከጎኔ።

መጽሐፍ ጠራዥ ነኝ። ያኔ ተማሪ፣ ኋላ ሠራተኛ፤
ፕላግቪትዝ ሰፈር፣ ከቦዩ ማዶ፣ ፎቅ ሦስተኛ።
ጣቴ ሙጫ፣ ሸሚዜ ሙጫ፣ የምበላው ዳቦ ሙጫ፤
ማታ እሷ ስትጀምር ብቻ ነው የማገኝ መውጫ።

ድምጿ ጥሩ ነው አይባልም። ጥሩ ድምፅ የትም ሞልቷል።
የሷ ሻካራ ነው፤ ያልተሞረደ፤ የሌሊት ጭስ ጠጥቷል።
ዜማውን ቀድማው አታውቅም፤ ሁልጊዜ ትንሽ ትዘገያለች፣
ትራም ሊያመልጣት እያለ ጫማዋን እንደምታስር ሴት ነች።
ከበሮው ሄደ፣ ፒያኖው ሄደ፤ እሷ ገና ክር ታስራለች፤
እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ ቤት መምቻው ላይ ትደርሳለች።

ስለ እሷ የተጻፈ ፈለግሁ፤ በመጽሐፍ ከተማ፣ የለም።
ከጋዜጣ ቆርጬ ራሴ ጠረዝኩ፤ ዐሥራ አንድ ገጽ አይሞላም።
ቆዳ አለበስኩት፣ ጀርባው ላይ ስሟን በወርቅ አተምኩ፤
አለቃዬ አየና፣ «ዘመድህ ናት?» አለኝ። «አዎ» አልኩ።

በሸክላዋ ጀርባ፣ ሦስተኛው ዘፈን፣ እኔን የገዛኝ እሱ ነው፤
«እጠብቃለሁ» ትላለች። ቀጭ! ጭረቷ የምትገኘው
እዚያ ላይ ነው።

ያቺን «ቀጭ» እንደ ዜማ ወደድኳት፤ እንደ ትንፋሽ ቆጠርኳት።
ሃያ ሁለት ዓመት በሷ ጠበቅሁ።
ደብዳቤ ስጠብቅ በሷ። የመኖሪያ ፈቃድ ስጠብቅ በሷ።
ግንቡ ፈርሶ ፋብሪካው ሲዘጋ፣ ሥራ ፈቶች ወረፋ ላይ፣ በሷ።
ጉድሩን እሺ እስክትለኝ፣ ሦስት የበረዶ ወራት፣ በሷ።
ልጃችን ስትወለድ፣ ኮሪደሩ ላይ፣ ከንፈሬ ሳይነቃነቅ፣
እጠብቃለሁ፣ ቀጭ፤ እጠብቃለሁ፣ ቀጭ፤
በሷ።

ከዚያ አንድ ማታ፣ በኅዳር፣ ከመጽሐፍ መደብር ሥር፣
ደረጃው ጠባብ፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ሠላሳ ወንበር።
እሷ ራሷ! ሰባ ዓመቷ። ተቀምጣ ነው የምትዘፍነው፤
እግሯ ሥር አንድ ብርጭቆ ውሃ፣ መነጽሯ በገመድ የታሰረው።
የኔ ዘፈን ደረሰ። ትንፋሼን ይዤ «ቀጭ»ን ጠበቅኋት፤
ቀጭ የለም።
ቃል አለ። አንዲት ቃል፣ ይህን ሁሉ ዘመን ያልሰማኋት።

በእነሱ ቋንቋ እምቢታ ብቻዋን ከግሡ ኋላ ትመጣለች፤
አንድ ጭረት ይበቃታል፣ ድምፅ ሳታሰማ ትሞታለች።
እኛ ዘንድ እምቢታ አጥር ነው፤ «አል» ከፊት፣ «ም» ከኋላ፤
ጭረት አንዱን እንኳ ቢበላ፣ ይመሰክራል ሌላ።
ላይፕዚግ ግን ላይፕዚግ ነው። ሮስቪታ የምትለው ለካ
«አልጠብቅም» ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት። በቃ።

ሰው ያጨበጭባል። እኔ፣ ካፖርቴ ታጥፎ ጭኔ ላይ፣
ሳቄ መጣ። ጉድሩን ክንዴን ያዘችኝ፣ «ምነው?» ብላ ስታይ።

ኋላ ደረጃው ሥር አገኘኋት፤ ሸክላዋን ለፊርማ ዘረጋሁ፤
ልነግራት ነበር። ምላሴ ጫፍ ደርሶ መልሼ ዋጥሁ።
አውጥታ ጭረቷን በአውራ ጣቷ ዳሰሰች፣ እንደ ዓይነ ስውር፤
«ይህቺ ብዙ ሠርታለች» አለች። ብዕሯ ቀለም ጨርሶ ኖሮ
ሽፋኑን ዝም ብሎ ይጭር።
ስሟ አልወጣም። ሌላ ጭረት፣ ያንን ነው የተወችልኝ።

ባለፈው ሰሞን ልጄ የጠራውን ቅጂ ስልኬ ላይ ጫነችልኝ፤
«ስማው አባባ፣ ኮሽታ የለውም።» ሰማሁት። እውነቷን ነው።
ንጹሕ ነው። የሌላ ሰው ነው።

ማታ፣ ሙጫው ከጣቴ ሳይለቅ፣ ሸክላዋን አወጣለሁ፤
«እጠብቃለሁ» ትላለች። ቀጭ።
አውቃለሁ።